ለሱባኤ የተገዛ የዓሣ አጥማጅ ድንኳን

ወሬው የደረሰኝ አንሶላ እያጠፍኩ ሳለ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ምድር ቤቱ ውስጥ ትልልቅ የልብስ ማድረቂያዎች አሉ፤ ከውስጣቸው የሚወጣው አንሶላ አሁን ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይፋጃል። አንዱን በደረቴ አቅፌ ጫፉን ከጫፉ ሳገጥም ስልኬ ጮኸ። ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ ከደሃና፣ ኔትወርክ ፍለጋ ከሚወጣበት ጉብታ ላይ።

«አሁን ደህና ናት፤ እንዳትደነግጪ» አለኝ ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ።

የአገሬ ሰው ይህን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳይነገረኝ ያለፈ ነገር አለ ማለት ነው።

«እናቴ ምን ሆና ነበር?»

«ያው በፍልሰታ ጠበሉ ቦታ ዝናቡ ከበደ። የላስቲክ ጎጆዋ አፈሰሰባት። ጋቢዋም ምንጣፏም ርሶ ነው ሱባኤውን የጨረሰችው። ከዚያ ሳንባዋን ያዛት። ሰቆጣ ወርደን አሳከምናት። አሁን ግን እግዜር ይመስገን እህል ቀምሳለች፣ ደጅ ወጥታም ፀሐይ ትሞቃለች።»

«መቼ ነው ይኼ?»

«ወር አለፈው።»

በዚያ ወር ውስጥ በየእሑዱ ደውያለሁ። በየእሑዱም «ሁላችንም ደህና ነን፤ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልን» ተብያለሁ። ዋሹኝ ብዬ አልተቀየምኩም። ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ምን ያደርግበታል፣ ከማልቀስ በቀር ይባላል። እኔም እዚያ በነበርኩ ጊዜ ስንቱን ደብቄያለሁ። ግን አንሶላው እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ቆሜ ቀረሁ። ለማላውቃቸው ሰዎች በየቀኑ ደረቅ አልጋ ሳነጥፍ የወለደችኝ ርጥብ ላይ ተኝታ ነበር።

የተኛችውም በእኔ ምክንያት ነው። በበረሃ አድርጌ፣ ከዚያ በባሕር ስወጣ፣ ድምፄ ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ እናቴ ለእመቤታችን ተሳለች፤ «ልጄን በደህና የብስ ላይ ካደረስሽልኝ፣ እስትንፋሴ እስካለ ድረስ ፍልሰታን ከደጅሽ አልቀርም።» ደረስኩ። እሷም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ በቅሎዋ ላይ ትወጣና ከመኪናው መንገድ ብዙ ርቆ ገደል ሥር ወዳለው የማርያም ጠበል ትወርዳለች። በሁለቱ ሱባኤ እዚያው ትጾማለች፣ ትጠመቃለች፣ ታስቀድሳለች። ማደሪያዋ ሰዉ ሁሉ እንደሚያደርገው እንጨት ተክሎ ላስቲክ የለበሰ ጎጆ ነው። ክረምቱ ደግሞ የደሃና ክረምት ነው።

ወንድሜ የደወለው ወሬ ለመንገር ብቻ አልነበረም። «አንቺን ትሰማለች፤ ለሚመጣው ዓመት ቅሪ በያት። ሁለተኛ እንዲህ ከታመመች አትተርፍም» አለኝ።

በማግሥቱ ለእናቴ ነገርኳት። «እማዬ፣ ቤትሽ ሆነሽ ብትጾሚስ? የንስሐ አባትሽም ይፈቅዱልሻል።»

«እሳቸው ምን አለባቸው፣ ይፈቅዳሉ። ስለቱ የእኔ ነው። አንቺን ስታወጣሽ ‹ባሕሩ ማዕበል አለውና ለሚመጣው ዓመት ትቆይሽ› አለችኝ?»

«እንግዲያው ደረቅ ቤት እልክልሻለሁ» አልኩ።

«ላኪ» አለችኝ። በሳቋ መካከል ሳለች፤ ያ ሳል ነው ዓመቱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው።

እዚህ አገር ክረምት ሲገባ ሐይቁ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሰዎች በላዩ ላይ ይሄዳሉ፣ መኪና ይነዳሉ፣ በረዶውን በስተው በቀዳዳው ዓሣ ያጠምዳሉ። የሚቀመጡበት ድንኳን አለ። ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ ከአውቶቡሱ መስኮት አያቸው ነበር፤ ነጭ ሜዳ ላይ የተበተኑ ሰማያዊና ቀይ ሳጥኖች። አንድ ቀን ሰማዩ ዝናብና በረዶ ቀላቅሎ ሲያወርድ አየሁና፣ እነዚህ ሰዎች ርሰው ቢሆን ኖሮ ቤታቸው ይሄዱ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ በዚያ ሐይቅ ላይ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። እግራቸው እምቢ ስላላቸው ከወንበር አይነሡም፤ አፋቸው ግን አልደከመም። ጠየቅኳቸው።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለእናቴ። ዝናብ ባለበት ደጅ ሁለት ሳምንት ታድራለች።»

«ዓሣ ታጠምዳለች?»

«አይ፣ ትጸልያለች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያው ነው፤ ሁለቱም ተቀምጦ መጠበቅ ነው» አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ እንድገፋላቸው ነገሩኝ። «ስሚ። ዝናብ ከላይ ነው የሚመጣው፤ እሱን መከልከል ቀላል ነው። ድንኳን የሚያረጥበው ከውስጥ የሚመጣው ነው።»

«ከውስጥ ምን ይመጣል?»

አፋቸውን ከፍተው ቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ተነፈሱበት። መስተዋቱ ጉም ለበሰ። በጣታቸው ሲነኩት አንዲት ጠብታ ወረደች።

«ይኼ» አሉ።

በዚያ ሰሞን ሽማግሌውን ሐይቁን እንዲያዩ የሚወስዳቸው ሰው ተገኘና እኔም አብሬ ሄድኩ። በስመ አብ ብዬ አማትቤ በረዶውን ረገጥኩ፤ ከሥሬ ውሃ እንዳለ እያሰብኩ እግሬን እንደ ሌባ ነበር የማነሣው። የሽማግሌው ድንኳን ውስጥ ስንገባ ሞቀን። ሽማግሌው አንድ ዓሣ አወጡና «ለእራትሽ» አሉኝ።

«ጾም ነኝ።»

«ዓሣም?»

«ዓሣም።»

«እንግዲያው ላንቺ ብሎ የሞተ ዓሣ ተሳስቷል!» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ዓይኔ ጣራው ላይ ነበር። በሁለቱ ጎን ከላይ መዳፍ የምታህል መተንፈሻ አለች፤ ሁለቱም ተከፍተዋል። ጣራውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። አጠገባችን ያለው ሰውዬ ድንኳን ስስ ጨርቅ ነበር፤ እሱንም ፈቃድ ጠይቄ ዳሰስኩ። ላቡ እጄን አረጠበው። የሽማግሌው ግን እንደ ብርድ ልብስ በመካከሉ ጥጥ ያለበት ድርብ ጨርቅ ነው። እንዲህ ያለውን ልገዛ ወሰንኩ።

በረዶው ሊቀልጥ ሲል ሱቆቹ የክረምቱን ዕቃ በርካሽ ይሸጣሉ። ሻጩ ወጣት ነው፤ ትዕግሥቱን ጨረስኩበት። ስፌቱን አንድ በአንድ በጥፍሬ ፈተሽኩ። ዚፑን ሃያ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ። ቀዩን አመጣልኝ፤ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ አይሆንም አልኩት፤ ሰማያዊውን አመጣ። እንደተጣጠፈ በትከሻዬ ተሸክሜ በሱቁ ውስጥ ወዲህ ወዲያ አልኩ፤ መኪና ከሚደርስበት ወዲያ አህያ ነው የሚሸከመው፣ በአንድ ጎን እንዳያጋድልበት።

«ወለል የለውም እንዴ?» አልኩት።

«ወለል ካለውማ በምን በኩል ይበሳል? እናትሽ ስንት ቀዳዳ ነው የምትበሳው?»

«አንድም።»

ግራ ገብቶት አየኝ። ወለል ማጣቱን ግን ወደድኩት። እናቴ ከሥሯ የገብስ ገለባ ጎዝጉዛ ቁርበት አንጥፋ ነው የምትተኛው፤ ደግሞ ከዚያ የተቀደሰ መሬት በላስቲክ መለየት አትፈልግም። ዙሪያውን በደንብ ቦይ ከተቆፈረለት ጎርፉ ያልፋል።

ቤቴ ወስጄ ከጓሮ ተከልኩት። የአትክልት ውሃ በላዩ ላይ ለቅቄ መሬቱን በነጭ ወረቀት አለበስኩና ውስጡ ተቀምጬ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ስጨርስ ወረቀቶቹን ለቀምኩ፤ አንዲት ነጥብ አልነካቸውም። አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ነው ጥፋቱን የሠራሁት።

ድንኳኑን ሳጣጥፍ መተንፈሻዎቹን አየኋቸው። ደረቷ የታመመ አሮጊት፣ ራስጌዋ ላይ ሁለት ክፍት ቀዳዳ! ከሰቆጣ ወልድያ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚባል ያየ ይረዳኛል። ፀሐዩ አናት ቢበሳ፣ ሰው በሰው ላይ ቢሆን፣ «ዝጋው! ነፋስ ልታስመታን ነው?» ይባላል፤ ይዘጋል። እናቴ ልጅ ሳለን የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ስትወትፍ ነው ያደግነው። እኔም ሽማግሌው መስተዋቱ ላይ የተነፈሱትን አልረሳሁም፤ ግን ጠብታ ልብስ ያረጥባል፣ ነፋስ ግን ይገድላል ብዬ አመዛዘንኩ። በሰም የተወለወለ ጠንካራ ክር አምጥቼ ሁለቱንም በድርቡ ሰፋኋቸው። እናቴ ያስተማረችኝን ጥልፍልፍ ስፌት ነው የሰፋሁት፤ በየመርፌው እመቤታችንን እየለመንኩ።

ሽማግሌው በማግሥቱ «መተንፈሻውን እንዳይዘጉት ንገሪያቸው» ሲሉኝ፣ «እነግራቸዋለሁ» አልኳቸው።

ድንኳኑን ወደ አገር የምትሄድ እህት ይዛልኝ ሄደች። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከሰቆጣ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በአህያ። ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ወንድሜ ከጠበሉ ቦታ ደወለ፤ እዚያስ ከማዶው ተራራ ኔትወርክ ይገባል። እየሳቀ ነበር።

«ጉድሽን ስሚ! ገና ዘንጉን ስበን ቀጥ ሲል ሰዉ ተሰለፈ።»

«ለምኑ?»

«እርዳታ መጣ ብሎ ነዋ! ሰማያዊ ድንኳን ሌላ ምን ይሆናል? አንዷ አሮጊት ‹መዝጋቢው የት አለ? እኔ ባለፈውም ተዘልያለሁ› ብላ እናታችንን ያዘቻት። ‹ልጄ ናት የላከችው› ብትል ማን ይመናት።»

«እማዬስ ምን አለች?»

«‹እንግዲያው ግቢ፣ ተመዝግበሻል› አለቻት። አስገባቻት። ሁለት ሌሎችም ገብተዋል። አራት ሆነው ነው የሚያድሩት።»

ለአንድ ሰው ብዬ ነበር የገዛሁት። እናቴን የማውቅ ሆኜ ይህን አለማሰቤ ይገርመኛል።

በአምስተኛው ቀን ወንድሜ ስንቅ ይዞ ሲወርድ ደወለልኝ። «ትስላለች» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በቅሎዋን ይዣለሁ። ልውሰዳት ወይስ ትቆይ? ድንኳኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«እሷን ስጠኝ። እማዬ፣ ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው። እንደ ጳጳስ ነው ያስቀመጥሽኝ። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ።»

ይህቺን «አንቺ ብቻ» አውቃታለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልሰማኋትም። መስማት የፈለግኩትን ሰማሁ። ለወንድሜ፣ «ደረቅ ከሆነ ትቆይ፤ ስለቷን አናፍርስባት» አልኩት። በቅሎዋ ባዶዋን ተመለሰች።

በዘጠነኛው ቀን እንደገና ተገናኘን። ቀትር ነበር፤ ወንድሜ ስልኩን ድንኳኑ ውስጥ ይዞላት ገባ። እናቴ ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ እንዳባራ፣ ቅዳሴው እንዴት እንዳማረ ስትነግረኝ፣ ከድምፅዋ ጀርባ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ጠብ። ዝም ይልና ደግሞ ጠብ።

«እማዬ፣ ዝናቡ ካባራ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?»

«እሱማ ጠበል ነው። እግሬ ደከመና እሱ ወደኔ መጣ» አለችና ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉ አልቆም አለ።

ያን ጊዜ ስልኩን ሌላ እጅ ወሰደው። ከአበርገሌ የመጣች፣ በዋግ አገውኛ፣ በኽምጣኛ፣ አፏን የፈታች ሴት ናት፤ ለታመመ ልጇ ጠበል ልትወስድ መጥታ ከእናቴ ጋር የምታድር። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፤ እንደ እሷ አማርኛ ግን ቀጥ ብሎ የገባኝ የለም።

«አንቺ ልጅቱ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እናትሽ ይዋሹሻል። ቤቱ ያለቅሳል። ከመጀመሪያ ቀን ያለቅሳል። ውሃው ከሰማይ አይደለም። ከኛ ነው። አራት ነን፣ እንተነፍሳለን፣ ልብሳችን ከጠበል ርጥብ ነው። መውጫ የለውም። ዓይን ነበረው፣ ተሰፍቷል። እኔ ልፍታ አልኩ፤ እናትሽ እምቢ አሉ።»

«ለምን?»

ከበስተጀርባ እናቴ «ተይ እንጂ አንቺ ሴት» ስትል ይሰማኛል።

«‹የልጄ እጅ ነው› አሉ። ‹ስፌቷን አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ ማንም አይነካውም› አሉ። ጠብታው በሳቸው በኩል ነው። ቦታ እንቀይር ስንላቸውም እምቢ አሉ።»

ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ የእኔን ክር እያየች ተኝታለች። እኔ ነፋስ እንዳይገባባት ሰፋሁ፤ እሷ ስፌቴ እንዳይፈታ ረጠበች።

«ስልኩን ወደ ጆሮዋ አድርጊልኝ» አልኳት። «እማዬ፣ የሰፋሁት ተሳስቼ ነው። እንዳትዘጊው ብለው ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማሁም። ይፈታ። እኔ ነኝ የምልሽ።»

«ነፋሱስ?»

«ይግባ። ራስሽን ተከናንበሽ ተኚ።»

«ስፌቱ ግን እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ» አለችኝ።

የአበርገሌዋ ሴት አንገቷ ላይ ካንጠለጠለችው የእሾህ ወረንጦዋ ሌላ መሣሪያ አልነበራትም። ወንድሜ ስልኩን ወደ ጣራው ያዘው። ሰም የነካው ክር አንድ በአንድ ሲበጠስ ሰማሁት፤ ሴትየዋ በራሷ ቋንቋ ታጉረመርማለች። ምን እንደምትል ወንድሜን ስጠይቀው፣ «‹ይቺ ልጅ ለበሬ ቆዳ ነው እንዴ የሰፋችው?› እያለች ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጠብታው ቀነሰ፤ ጨርሶ አልጠፋም። ገለባው ተቀየረ፣ ቁርበቱ ፀሐይ ሲወጣ ተሰጣ። ወንድሜ ሊወስዳት ቢሞክርም አልሄደችም። ሱባኤዋን ፈጽማ፣ ቆርባ፣ በበቅሎዋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሳሉ ከርሞ ተዋት፤ ብርድ ሲሆን ግን ይመለስባታል። ከዘጠኙ ሌሊት የመጣ ነው ወይስ ከዕድሜዋ፣ የሚያውቅ የለም። እሷን ብጠይቃት ዛሬም ደረቅ ነበር ትላለች።

ለሽማግሌው የሠራሁትን ተናዘዝኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ሚስቴም የእኔን መተንፈሻ በካልሲ ወትፋብኝ ታውቃለች» አሉና እጄን መታ መታ አደረጉኝ።

ፍልሰታ ደግሞ እየመጣ ነው። እናቴ ዘንድሮም ትወርዳለች፤ ድንኳኑም በወንድሜ ጎተራ አጠገብ ተጠቅልሎ ይጠብቃታል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት በዚያ ደጅ የነበራችሁ፣ በተለይ አንቺ ከአበርገሌ የመጣሽው እህቴ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ይማርልሽና፣ ይህን ጽሑፍ አንድ ሰው ያነብላችሁ እንደሆነ ልለምናችሁ። መተንፈሻዎቹን ክፍት ተዉልኝ። ስደውል «ደህና ነን» አትበሉኝ። ሩቅ ላለች ሴት ማዘናችሁን አውቃለሁ፤ እኔ ግን ካልተነገረኝ ተሳስቼ እንደገና «ትቆይ» እላለሁ። እናቴ «ደረቅ ነው» ስትል አትመኗት። ራስጌዋ ሄዳችሁ እጃችሁን ጋቢዋ ላይ አሳርፉ፤ ከዚያ እጃችሁ ያገኘውን ያንኑ ንገሩኝ።